የሠራተኛ ሕግ ሲለወጥ ትንሽ ድርጅት በምን ይወቅ?

ጥያቄ፦ አዳማ ዳቦ

ሰላም ወገኖች፣ እህታችሁ ነኝ። አዳማ ውስጥ ዳቦ ቤት አለን፤ ዘንድሮ ከአባቴ ተረክቤ ማስተዳደር ጀምሬያለሁ። ሠራተኞቻችን የሚፈርሙት የቅጥር ውል ድሮ የተዘጋጀ ነው። «በአዋጅ ቁጥር 377/1996 መሠረት» ይላል። የሙከራ ጊዜ 45 ቀን፣ የመጀመሪያ ዓመት ፈቃድ 14 ቀን። አሁን አንዷ ሠራተኛችን ነፍሰ ጡር ናት። የወሊድ ፈቃዷን ስጠይቅ አንዱ 90 ቀን፣ ሌላው 120 ቀን ይለኛል። ልጅቷን መበደል አልፈልግም። የሚገባት ስንት ነው? ደግሞስ የሰው ኃይል ክፍል የሌለው ድርጅት ሕግ መለወጡን በምን ይሰማል?

መልስ፦ የሰው ኃይል ባለሙያ

እህቴ፣ 120 ቀን ነው። ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90፣ ከነደመወዟ። 90 የሚሉሽ የድሮውን ይዘው ነው። 377 ተሽሮ በአዲሱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ተተክቷል።

ውላችሁ ላይ ያሉት ሌሎቹም ተለውጠዋል። የሙከራ ጊዜው እስከ 60 የሥራ ቀን ነው። የመጀመሪያ ዓመት ፈቃድ 16 የሥራ ቀን ሆኖ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። በድሮው ጭማሪው በየዓመቱ ነበር፤ ብዙ ሰው የሚደናገረው እዚህ ጋ ነው። ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛም 3 ተከታታይ ቀን ከደመወዝ ጋር አለው።

ዳቦ ቤት ስለሆናችሁ ትርፍ ሰዓቱን ረጋ ብለሽ እዪው። ከንጋቱ 12 እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ከሆነ የሰዓቱ ክፍያ በ1.5 ይባዛል። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5። ጣሪያው በቀን 4፣ በሳምንት 12 ሰዓት ነው። ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ዋዜማ ሥራው ሲደራረብ ይህን ጣሪያ ማለፍ በጣም ቀላል ነው። ቀድመሽ ፈረቃ አውጪ።

መልስ፦ ሂሳብ ሹም

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁን ብቻ ይዘሽ እንዳትቀሪ። የደመወዝ ግብሩ በአዋጅ ቁጥር 1395/2017 ተሻሽሏል። ከግብር ነፃ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ብሏል፤ 35 በመቶ የሚቆረጠው ደግሞ ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ነው። የደመወዝ መክፈያችሁ ኤክሴል በድሮው ቀመር የሚሠራ ከሆነ ከሠራተኛው ኪስ ያላግባብ እየተቆረጠ ነው። ዛሬውኑ ከፍተሽ እዪው። ጡረታው ከሠራተኛው 7፣ ከእናንተ 11 በመቶ ነው። ሐምሌ በገባ ቁጥር ሂሳብ የሚሠራላችሁን ሰው «ምን ተለወጠ?» ብለሽ ጠይቂው።

አዳማ ዳቦ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጨምር። በድሮው ውል የፈረሙት እንደገና ይፈርሙ? ቴሌግራም ላይ ደግሞ «ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል በአዋጅ ተወስኗል» የሚል አየሁ። እውነት ነው?

መልስ፦ የሕግ ሰው

ውሉ ከሕጉ ያነሰ መብት ከሰጠ ሕጉ ነው የሚሠራው፤ ፊርማው አያድናችሁም። ውሉ የተሻለ ከሰጠ ደግሞ የተሻለው ይጸናል። ስለዚህ የግድ እንደገና አይፈርሙም፤ ግን አዲስ አዘጋጅታችሁ ብትፈራረሙ ክርክር ይቀንሳል።

ስለ ደመወዝ ወለሉ፣ 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል እንጂ የብር መጠን አላስቀመጠም። እንዲህ ዓይነት ወሬ ስትሰሚ የምትጠይቂው አንድ ነገር ነው፦ የአዋጁ ቁጥር ስንት ነው? የፌዴራል ሕግ በፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣ ይታተማል። 1156 ራሱ የወጣው ነሐሴ 30 ቀን 2011 ነው። ቁጥር ከሌለው ረቂቅ ወይም ወሬ ነው። ጋዜጣውን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ይሸጠዋል። ስታነቢ በአማርኛው ዓምድ ተመሪ፤ ከእንግሊዝኛው ጋር ቢጋጭ የሚጸናው አማርኛው ነው።

ብዙ አሠሪ የማያውቀው ሌላ አለ። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት (የሕግ ስህተት የሚያርመው ችሎት) ከአምስት ባላነሱ ዳኞች የሚሰጠው የሕግ ትርጉም በየደረጃው ያሉ ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል። አዋጁ ሳይነካ አተረጓጎሙ ሊለወጥ ይችላል። ይህን መከታተል ለናንተ ይከብዳል። እና ሰው ከማሰናበታችሁ በፊት ጠበቃ አማክሩ። ለምሳሌ ያለ ማስጠንቀቂያ ለማሰናበት በስድስት ወር ውስጥ በጠቅላላው 5 የሥራ ቀን መቅረት ብቻውን አይበቃም፤ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶት መሆን አለበት። በዚህ የተነሳ ፍርድ ቤት የሚሸነፍ አሠሪ ብዙ ነው።

መልስ፦ የማኅበር ተወካይ

እኔ ከሠራተኛ ወገን ነኝ። የከተማችሁ የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ አለው። ተቆጣጣሪው እስኪመጣ አትጠብቂ፤ ራስሽ ሄደሽ ጠይቂ። አዲሱ ውል ሲዘጋጅ ደግሞ ከመፈረሙ በፊት ለሠራተኞቹ ይነበብላቸው፤ ማንበብ የሚቸግረው ካለ በሚገባው ቋንቋ ይነገረው። ለነፍሰ ጡሯ ልጅ ግን 120 ቀኗን ከወዲሁ በደብዳቤ ስጫት። ወደ ወሊድ ስትሄድ ልቧ አርፎ ትሂድ።