ለጠቅላላ ጉባኤው የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ ረቂቁን አብረን እናስተካክለው

አስተባባሪ (የግል ፋርማሲ፣ አዲስ አበባ)

ሰላም ለሁላችሁ። ለፋርማሲ ማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበውን የመጀመሪያ ረቂቅ እንዳነበባችሁት ተስፋ አደርጋለሁ። እውነቱን ለመናገር በጣም ረዝሟል። ክትባት መስጠት አለ፣ ቀላል ሕመም ማከም አለ፣ መድኃኒት የማዘዝ ሥልጣን አለ፣ የደመወዝ ስኬል አለ፣ የትርፍ ጣሪያም አለ። ሁሉም ትክክለኛ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ግን ይህን ሁሉ ተሸክመን ጤና ሚኒስቴር ብንገባ "እሺ፣ እናየዋለን" ተብለን ሻይ ጠጥተን ነው የምንወጣው።

የኔ ሐሳብ አንድ ነው። ፋርማሲስቱ ለታካሚው የሚሰጠው ምክርና ክትትል ራሱን የቻለ አገልግሎት ሆኖ ይቆጠር። ይመዝገብ፤ ዋጋም ይኑረው። ዛሬ የሚቆጠረው የወጣው እሽግ ብቻ ነው።

ምን ለማለት እንደፈለግኩ በምሳሌ ላስረዳ። ግሊቤንክላሚድ የሚባለውን የስኳር ኪኒን የሚወስዱ አንዲት እናት ደንበኛ አሉኝ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀምሱም፤ ኪኒኑን ግን እንደታዘዘው ጠዋት ይውጣሉ። "እማማ፣ ይጾማሉ እንዴ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። "እጾማለሁ እንጂ! ረፋድ ላይ ያልበኛል፣ እጄም ይንቀጠቀጣል፤ የጾሙ ድካም ነው ብዬ ችዬው ነው" አሉኝ። ስኳራቸው እየወረደ ነበር። ሐኪማቸው ጋ ደወልን፤ አወሳሰዱ ተስተካከለ። ረመዳን ሲመጣም ያው ጥያቄ መጠየቅ አለበት። የዚያን ቀን መዝገቤ ላይ የሰፈረው ግን አንድ እሽግ መሸጡ ብቻ ነው።

አስተያየት ስትሰጡ "ይህ ይውጣ፣ ይህ ይግባ" በሉ። "ግሩም ነው፣ በርቱ" ብቻ ከሆነ አይጠቅመንም።

ክሊኒካል ፋርማሲስት (ሪፈራል ሆስፒታል፣ ጅማ)

በሐሳቡ እስማማለሁ። ረቂቁ ግን የሆስፒታሉን ጉዳይ በሁለት መስመር ነው ያለፈው።

በ2001 አካባቢ ሥርዓተ ትምህርቱ ወደ 5 ዓመት ሲያድግ ዓላማው ፋርማሲስቱን ከስቶር አውጥቶ ወደ ታካሚው አልጋ ማምጣት ነበር። የመጀመሪያዎቹ ተመራቂዎች በ2005 ወጡ። እኛ ከኋላቸው የመጣን ነን። ራውንድ፣ ማለትም የተኙ ታካሚዎችን ጉብኝት፣ እንወጣለን፤ መጠን እናርማለን፤ የማይስማሙ መድኃኒቶችን እንለያለን። በቅርቡ የልብ ቫልቭ ችግር ያለባት ወጣት ደም እየፈሰሳት ገባች። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን እንደምትወስድ ቻርቷ (የሕክምና መዝገቧ) ላይ ተጽፏል። ቦርሳዋ ውስጥ ያለውን ኪኒን ሁሉ አውጪልኝ ስላት ግን የሕመም ማስታገሻው ዲክሎፌናክ ወጣ። ጉልበቴን ሲያመኝ ከሰፈር ገዛሁት አለች። ሁለቱ ሲገናኙ መድማትን እንደሚያባብሱ እዚህ ለማንም አይነገርም።

ግን ይህን የጻፍኩት የት ነው? በፋርማሲው ቅጽ ላይ። ቅጹ እኛ ቢሮ ፋይል ውስጥ ተቀመጠ። ሌሊት ተረኛው ሐኪም የሚገልጠው ደግሞ ቻርቱን ነው። ስለዚህ የኔ ጥያቄ አጭር ናት፦ የክሊኒካል ፋርማሲስቱ ማስታወሻ የታካሚው ቻርት ውስጥ ይግባ። አዲስ በጀትም አዲስ መደብም አይጠይቅም።

በነገራችን ላይ የዲስፔንሰሪ (የመድኃኒት ማደያው) ሰው ባነሰ ቁጥር ከዋርድ እየጠሩ መስኮት ላይ ማስቀመጡም ይቁም። ራውንዱ እኮ ሥራ ነው።

አዲስ ተመራቂ (ጎንደር)

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1997 ባለ ሰባት ኮከብ ፋርማሲስት ብሎ ያስቀመጠውን በመግቢያው ላይ ብንጠቅሰውስ? ተንከባካቢ፣ ውሳኔ ሰጪ፣ ተግባቢ፣ ሥራ አስኪያጅ፣ የዕድሜ ልክ ተማሪ፣ አስተማሪ፣ መሪ። የሙያውን አዲስ ገጽታ በደንብ ያሳያል።

የመድኃኒት መደብር ባለቤት (ሐዋሳ)

ሰባት ኮከብ ያለው ሆቴል ነው እህቴ። እኛ ጋ መብራትና ኔትወርክ ካለ ተመስገን ነው።

አንጋፋ አባል (ጡረታ ላይ ያሉ)

ልጆቼ፣ ሁሉንም አንብቤያለሁ። የፋርማሲ ትምህርት ቤቱ አዲስ አበባ ላይ በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲከፈት ሥራው ሌላ ነበር። እኛ ቅባት እያሸን፣ ሽሮፕ እየቀመምን ነው ያደግነው። በኋላ ፋብሪካው ኪኒኑን አሽጎ ላከልን፤ መቀመሙ ቀረና ወደ መቁጠር ገባን። ቀጥሎ ግዥ፣ ክምችትና ሥርጭት ዋናው ሥራ ሆነ። እናንተ ደግሞ ወደ ታካሚው ተመለሳችሁ። ደስ ይለኛል።

ነገር ግን ረቂቁ ውስጥ ማንም ያልደፈረው ነገር አለ። ላይሰንስ ማከራየት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ፈቃድ የአንዱ ነው፤ ካውንተሩ ጀርባ የቆመው ሌላ ነው። ባለ ላይሰንሱ ወር ሲሞላ ብሩን ሊቀበል ብቅ ይላል። ተቆጣጣሪ ድንገት ከመጣ "አሁን ምሳ ወጣ" ይባላል፤ በጎን ስልክ ይደወልለታል። ይህን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ታዲያ ሚኒስቴሩ ፊት ቀርባችሁ "ለምክራችን ይከፈለን" ስትሉ "መካሪው የታለ?" ቢሏችሁ ምን ትመልሳላችሁ?

ማኅበሩ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ይህን ያህል የቆየ ማኅበር የአባሎቹን ጥቅም ብቻ ሳይሆን ገመናቸውንም መናገር መቻል አለበት። የመጀመሪያው አንቀጽ ይህ ካልሆነ ስሜን አታስገቡ።

የመድኃኒት መደብር ባለቤት (ሐዋሳ)

ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። እርስዎ ያሉት እውነት ነው። ግን ላይሰንስ ማከራየት ከየት መጣ? የመንግሥት ደመወዝ አልበቃ ሲል ነው ባለሙያው ፈቃዱን የሚያከራየው። ባለሀብቱም የሙሉ ቀን ፋርማሲስት ቀጥሮ የቤት ኪራይ ከፍሎ ትርፍ አላገኝም ይላል። ሰውን ብቻ ብትወቅሱ ነገ በሌላ ስም ይመጣል።

ምክሩንም በተመለከተ ልንገራችሁ። አንድ ሰው ጋ አሥር ደቂቃ ስቆም ሦስት ደንበኛ "ቆይ እመለሳለሁ" ብሎ ይሄዳል። አይመለስም። እኔ የምኖረው ከዋጋው ላይ በምጨምራት ነው። ብዙ ካልሸጥኩ አልኖርም። በዚህ አሠራር ላይ ሆናችሁ "ያለ ማዘዣ አንቲባዮቲክ አትሽጥ" ትሉኛላችሁ። እኔ እምቢ ያልኩትን ጎረቤቴ በፌስታል ጠቅልሎ ይሰጠዋል። እናትየውም "ያኛው ልጅ ጥሩ ነው፣ አያስቸግርም" ትላለች።

አስተባባሪ

ይሄ ነው የምፈልገው ክርክር። አንቲባዮቲኩ ላይ አንድ ሐሳብ ላቅርብ። የዓለም ጤና ድርጅት አንቲባዮቲኮችን በሦስት ጎራ ከፍሏቸዋል፦ በቀዳሚነት የሚሰጡ፣ በጥንቃቄ የሚጠበቁ፣ ለመጨረሻ የሚቀመጡ። አሞክሳሲሊን ከመጀመሪያው ነው። አዚትሮማይሲን፣ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሴፍትሪያክሶን ከሁለተኛው ናቸው። አባላት በአንድ ላይ "ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ያለ ማዘዣ አንሰጥም" ብለን ብንፈራረምስ? ሁሉንም በአንድ ጀምበር ከምንል የሚቻለውን እንጀምር።

አንጋፋ አባል

ልጄ፣ ሐሳብሽ ቅን ነው፤ አጻጻፉ ግን ገደል ይከተናል። ሕጉ እኮ ሁሉንም ያለ ማዘዣ መሸጥ ይከለክላል። "እነዚህን አንሸጥም" ብለን ስንፈርም "የቀሩትን እንሸጣለን" ብለን በጽሑፍ አመንን ማለት ነው። የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ባለሥልጣን ይህን ወረቀት ይዞ ነው የሚመጣብን። "ሕጉን በሙሉ እናከብራለን፤ በመጀመሪያው ዙር እርስ በርስ የምንተያየው በእነዚህ ላይ ነው" በሉት።

አስተባባሪ

ተቀብያለሁ። ልክ እንደዚያ ይጻፋል።

ድራጊስት (ወረዳ ከተማ፣ አርሲ)

ይቅርታ ግን አንድ ነገር ልበል። ረቂቁን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ እኛ ድራጊስቶች፣ ከፋርማሲስት ዝቅ ባለ ደረጃ የሠለጠንን የመድኃኒት ባለሙያዎች፣ የለንም። "ፋርማሲስቱ፣ ፋርማሲስቱ" ይላል። እዚህ ከተማ ውስጥ ባለ ዲግሪ ፋርማሲስት ጤና ጣቢያው ጋ ነው ያለው። ገበያ ቀን ከገጠር የሚመጣው ሰው የሚገባው እኔ መደብር ነው። ባለፈው አንድ ገበሬ ኢንሱሊኑን ይዞ መጣ። ቤቱ ፍሪጅ የለም፤ ብልቃጡን ጣሪያ ሥር ቆርቆሮው አጠገብ ነበር የሚሰቅለው። በእርጥብ አሸዋ መሀል በተቀመጠ ማሰሮ ውስጥ እንዲያስቀምጠው፣ የሚደፈርሰውን ዓይነት ደግሞ ከመሳቡ በፊት እንዳይንጠው፣ በመዳፉ መሀል ቀስ አድርጎ እንዲያንከባልለው አሳየሁት። ይሄ ምክር አይደለም? የደረጃ ልዩነቱን አከብራለሁ። ከአቅሜ በላይ የሆነውን ወደ ጤና ጣቢያ እልካለሁ። ግን ሐሳቡ እኛን ካላካተተ የከተማ ሰው ሐሳብ ነው።

ክሊኒካል ፋርማሲስት (ጅማ)

ትክክል ነህ። "የፋርማሲ ባለሙያ" ብለን እንጻፈው፤ ማን ምን ድረስ መሥራት እንደሚችል ደግሞ በአባሪ ይለይ።

አባል (ለንደን)

ከሩቅ ሆኜ ብዙ ባልናገር ደስ ይለኛል፤ ግን የክፍያው ነገር ስለተነሳ ያየሁትን ልንገራችሁ። እዚህ እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2024 መጨረሻ ጀምሮ ሰፈር ያለ ፋርማሲ ሰባት ሕመሞችን አይቶ ማከም ይችላል። የጉሮሮ ሕመም፣ የሳይነስ፣ የልጆች የጆሮ ሕመም፣ የተመረዘ የነፍሳት ንክሻ፣ በቆዳ ላይ የሚወጣው ኢምፔታይጎ፣ አልማዝ ባለጭራ፣ ቀላል የሴቶች የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን። መንግሥት ለእያንዳንዱ ምክክር ይከፍላል፤ ሲጀመር 15 ፓውንድ ነበር። መድኃኒት ብሰጥም ባልሰጥም ይከፈላል። የሐዋሳው ወንድሜ ልብ በልልኝ፤ "አንቲባዮቲክ አያስፈልግህም፣ ሂድ ውኃ ጠጣ" ብዬ ስልከውም ሥራዬን ሠርቻለሁ።

ግን እንዳለ ገልብጣችሁ አትውሰዱት። እዚህ የምንሠራው አስቀድሞ በተጻፈ መመሪያ ነው፤ ከመስመሩ አንወጣም። የታካሚው መረጃ ለሐኪሙ ይላካል። በር የሚዘጋ የምክክር ክፍል ግዴታ ነው። እነዚህ በሌሉበት "ሰባት ሕመም እናክም" ብትሉ ሐኪሞቹ ይቆጣሉ፤ እውነት አላቸውም። ከናንተ ረቂቅ የማዘዝ ሥልጣኑን አሁን ብታወጡት ይሻላል።

አዲስ ተመራቂ (ጎንደር)

የማዘዙን ነገር ካወጣነው ምን ቀረልን? አምስት ዓመት የተማርነው ለዚህ ነው?

አስተባባሪ

እህቴ፣ ብስጭትሽ ይገባኛል። ግን ደብረ ማርቆስ ሆስፒታል በ2003 የተጀመረውን አሠራር አስቢው፤ ኤፒቲኤስ የምንለውን፣ ኦዲት የሚደረግ የመድኃኒት ግብይትና አገልግሎት ማለት ነው። "ሥልጣን ስጡን" ብሎ አልጀመረም። የጀመረው ከመስኮቱ ነው። አንዱ ባለሙያ ማዘዣውን ይገመግማል፤ የሒሳብ ሠራተኛ ገንዘቡን ይቀበላል፤ ሌላው ባለሙያ መድኃኒቱን ሰጥቶ ይመክራል። ገንዘቡ ከፋርማሲስቱ እጅ ወጣ። እያንዳንዱ ፍሬ ኦዲት የሚደረግ ሆነ። ከዚያ የክልሉ ሕግ ደገፈው፤ ቀጥሎ ወደ ሌሎች ክልሎች ሄደ። አንድ ቦታ ተሠርቶ፣ ተለክቶ ነው ሕጉ የመጣው። እኛም በዚያው መንገድ እንሂድ። ከሠራንና ካሳየን በኋላ የማዘዙ ጥያቄ ራሱ ይነሳል።

ሁለተኛውን ረቂቅ አስቀምጫለሁ፦

"አንደኛ፣ የማኅበሩ አባላት ፈቃዳቸው በተሰቀለበት ቦታ በሥራ ሰዓት በአካል ለመገኘት ይፈርማሉ። ማኅበሩ ላይሰንስ ማከራየትን በግልጽ ያወግዛል፤ ከተቆጣጣሪው ጋርም አብሮ ይሠራል። ወደዚህ የሚገፋውን የደመወዝና የኪራይ ችግርም በማስረጃ አስደግፎ ያቀርባል።

ሁለተኛ፣ በሆስፒታሎች የክሊኒካል ፋርማሲስቱ ማስታወሻ በታካሚው ቻርት ውስጥ እንዲገባ መመሪያ ይውጣ።

ሦስተኛ፣ በፈቃደኛ ፋርማሲዎችና የመድኃኒት መደብሮች የደም ግፊትና የስኳር ታካሚዎች የመድኃኒት ክትትል በሙከራ ይጀመር። ለእያንዳንዱ ታካሚ አንድ ገጽ ካርድ ይኑር፦ የሚወስደው ሁሉ፣ ከሰፈር የገዛውና የባህል መድኃኒቱም ጭምር፤ የሚጾም ከሆነ አወሳሰዱ፤ የተለካው ውጤት፤ ወዴት እንደተላከ። የክትትሉ ክፍያ ከማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን የሚገኝበት መንገድ በሙከራው ውጤት ላይ ተመሥርቶ ይጠየቅ።"

የአንቲባዮቲኩ ስምምነት ከጉባኤው ሐሳብ ውጭ ሆኖ የአባላት ቃል ኪዳን ይሆናል፤ ጋሼ ባሉት አጻጻፍ። ክትባት፣ ደመወዝና የትርፍ ጣሪያ ለሌላ ጊዜ ተላልፈዋል። የተረሱ እንዳይመስላችሁ።

ለሙከራው እንደ ከነማ (የአዲስ አበባ ከተማ አስተዳደር ፋርማሲዎች) እና እንደ ቀይ መስቀል ፋርማሲዎች ያሉትን ብንጠይቅ ይሻላል ባይ ነኝ። የትርፍ ጫናው ለነሱ ቀለል ይላል።

የመድኃኒት መደብር ባለቤት (ሐዋሳ)

ከነማ ብቻ ከሆነ ውጤቱ እኛን አያሳይም። "እነሱማ ይችላሉ" ይባላል። ቢያንስ ጥቂት የግል ቤቶች ይግቡበት። የኔን ስም ጻፉ። ግን የስኳር መለኪያ ስትሪፑን የሚገዛው ማን ነው? ያ ሳይጻፍ አልፈርምም።

አንጋፋ አባል

አንደኛው አንቀጽ ጥሩ ነው። ስሜን አስገቡ።

ድራጊስት (አርሲ)

ካርዱን እኔ ልሞክረው። በአፋን ኦሮሞም ይዘጋጅ እንጂ፤ እዚህ አማርኛ የማያነብ ብዙ ነው። ትርጉሙን እኔና የጤና ጣቢያው ፋርማሲስት እንሠራለን። ኪኒኑ የሚወሰድበት ሰዓት በፀሐይና በጨረቃ ሥዕል ይሁን።

አስተባባሪ

ሥዕሉ ገብቷል። የስትሪፑን ወጪ ሦስተኛው አንቀጽ ሥር ባዶ ቦታ ትቼለታለሁ። ረቡዕ ማታ በስልክ ስብሰባ እሱን ብቻ ነው የምናየው። የሐዋሳው ወንድማችን የአንድ ታካሚ የወር ወጪ ስሌት ይዘህ ና። ጅማ ደግሞ የቻርት ማስታወሻውን ናሙና ላኪልን፤ የታካሚ ስም እንዳይኖርበት።