የባሕር ዛፍ ጉቶ በትራክተር መፍጫ ማንሳት ያዋጣል? (ኮምቦልቻ ዙሪያ)

የቦርከና ዳር
ሰላም ለሁላችሁ። ኮምቦልቻ ዙሪያ ሜዳ ላይ ግማሽ ሄክታር የሚሆን ባሕር ዛፍ ተቆርጦ ጉቶው ቀርቷል። መሬቱ ወደ ማሽላና ማሾ እንዲመለስ ነው የተፈለገው። ያለው ትራክተር ማሴ ፈርጉሰን 385 ነው። ከኋላው የሚገጠም የጉቶ መፍጫ ይሻላል ወይስ ስካቫተር ተከራይቶ መንቀል? መፍጫውን የምታውቁት ካላችሁ፣ ስንት ሴንቲ ሜትር ድረስ ነው መውረድ ያለበት? ከተፈጨ በኋላስ መልሶ ያቆጠቁጣል?

ዲጂኖ
ወንድሜ፣ ከማሽኑ በፊት ጉቶውን ቁጠረው። ባሕር ዛፍ አንድ በአንድ ሜትር ከተተከለ ሄክታሩ ላይ 10,000 ግንድ አለ፤ ያንተ ግማሽ ሄክታር 5,000 ማለት ነው። ቀጭኑ ጉቶ እንኳ ትራክተሩ ቦታ እስኪይዝ፣ እስኪፈጭና ወደሚቀጥለው እስኪሄድ 5 ደቂቃ ይበላል። በዚህ ሒሳብ ከ400 ሰዓት በላይ ነው፤ በቀን 8 ሰዓት ቢሠራ 52 ቀን። ናፍጣውን አንተው አስላው።

ስለዚህ ሦስት ቦታ ላይ 10 በ10 ሜትር በገመድ ከልልና ውስጡን ቁጠር። አማካዩን በ50 ስታባዛው የግማሽ ሄክታሩ ድምር ይወጣልሃል። ውፍረቱንም ለይ፤ ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች፣ ከ20 እስከ 40፣ ከዚያ በላይ።

ስካቫተሩ ፈጣን ነው፣ ጉቶውም ሳይፈጭ ስለሚወጣ ለማገዶ ይሆናል። ግን የታችኛውን አፈር ወደ ላይ ገልብጦ ጉድጓድ ይተውልሃል፣ ክብደቱም መረሬውን ይጠቀጥቀዋል። ለእርሻ መሬት አልመርጠውም።

የቦርከና ዳር
ቆጠርኩ። አማካዩ 38 ነው፣ በድምሩ 1,900 ገደማ። አብዛኛው ከ20 ሴንቲ ሜትር በታች ነው። ከእነዚህ ውጭ ድንበሩ ላይ ተደጋግመው የተቆረጡ፣ ከ40 እስከ 60 ሴንቲ ሜትር የሚደርሱ ወደ 60 የሚሆኑ አሮጌ ጉቶዎች አሉ።

ዲጂኖ
እንግዲያማ ነገሩ ሌላ ነው። 60ዎቹን ለመፍጫው ተውለት። አንዱ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢወስድ ቢበዛ 20 ሰዓት ነው፤ በሁለት ቀን ተኩል ያልቃል። ለዚያ ደግሞ ማሽን አይገዛም፣ ይከራዩታል። ቀጫጭኖቹን በዶማና በመጥረቢያ አስቆፍር። ዙሪያው ተከፍቶ የጎን ሥሮቹ ከተቆረጡ በኋላ ጉቶው በዲጂኖ ይፈነቀላል፣ ማገዶውም የቆፋሪውን ዋጋ በከፊል ይመልሳል። 1,900 ቀጭን ጉቶ በመፍጫ ማንሳት ማገዶን ወደ ሰጋቱራ መቀየር ነው።

ክሮቼራ
የማሴ ፈርጉሰን 385 ጉልበት፣ 85 የፈረስ ጉልበት፣ ለመፍጫው ይበቃል። ጣጣው ከአገጣጠሙ ነው የሚመጣው።

መጀመሪያ መፍጫው በደቂቃ በ540 ዙር የሚሠራ መሆኑን ሰሌዳው ላይ እይ። ቀጥሎ የፒቲኦ ሻፍቱን ለካ፤ ይህ የሞተሩን ጉልበት ከትራክተሩ ኋላ ወደ መፍጫው የሚያደርሰው፣ አንዱ ቱቦ በሌላው ውስጥ የሚንሸራተት ዘንግ ነው። ማሽኑ ተነስቶም ወርዶም ሁለቱ ቱቦዎች ቢያንስ የርዝመታቸውን ሲሶ ተደራርበው መቆየት አለባቸው፤ በጣም በሚቀራረቡበት ቦታ ደግሞ ጫፍና ጫፍ ሳይነካካ 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር ይትረፍ። ከረዘመ ሁለቱንም ከነፕላስቲክ መሸፈኛቸው እኩል ቁረጥ፣ ጫፉን ሞርድ፣ ግራሶ ቀባ። ሳይለካ የተገጠመ ሻፍት ሊፍቱ ሲነሳ የትራክተሩን ኩሽኔታ ይገፋል፤ ጥገናው ከመፍጫው ኪራይ ይበልጣል።

ሻፍቱ ላይ ሆን ተብሎ እንዲሰበር የተሠራ ብሎን አለ። ሲሰበር በዚያው ውፍረትና ጥንካሬ ተካው። በየቦታው የሚታየው ጥፋት ግን ፌሮ ቆርጦ መክተት ወይም ጠንካራ ብሎን መግጠም ነው። ያኔ ጥርሱ ድንጋይ ሲመታ ብሎኑ በመሰበር ፈንታ የመፍጫው ማርሽ ይሰበራል።

አፈጫጩ፦ ጉቶውን በሞተር መጋዝ ከመሬት 5 ሴንቲ ሜትር እስኪቀር አሳጥረው። ዙሪያውን በዲጂኖ ወጋ ወጋ እያደረግህ ድንጋይ ፈልግ፤ የወሎ አፈር ድንጋይ አያጣም፣ የካርባይድ ጥርስ ደግሞ እንጨት እንጂ ድንጋይ አይችልም። ጥርሶቹ የታሰሩበትን የመፍጫውን መንኮራኩር ከጉቶው በላይ አንሥተህ ፒቲኦውን በዝቅተኛ ዙር አስገባ፣ ከዚያ ወደ 540 አድርሰው። ለትራክተሩ ከሚርቀው ጫፍ ሳይሆን ከቅርቡ ጀምር። 2 ወይም 3 ሴንቲ ሜትር አውርድ፣ በሃይድሮሊኩ ወደ ጎን አወዛውዝ፣ እንደገና አውርድ። ያ ክፍል ሲያልቅ ትራክተሩን 15 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ። መሀል ላይ ቀጥታ መጫን ሞተሩን ያንቀዋል፣ ቺንጋ ያለው ከሆነም ቺንጋውን ያቃጥላል። የሞተሩ ድምፅ ከወረደ ውዝዋዜውን አቁመህ ዙሩ እስኪመለስ ጠብቅ።

የሚሠራው ወደ ኋላ እየሄዱ በመሆኑ ማሽኑ ይቀድማል፣ ጎማው የተጠረገው ላይ ይከተላል። በመጥረቢያ የተመታ ቀጭን ጉቶ እንደ ጦር የሾለ ነው፤ ወደ ድንበሩ ለመድረስ በእሱ ላይ ከነዳህ ጎማህን ተሰናበተው። ስለዚህ ቀጫጭኖቹ ቀድመው ይነሱ።

ሰው ከ30 ሜትር ወዲህ አይቁም። ሽርጥ ወይም ነጠላ ያደረገ ሰው ወደሚሽከረከር ሻፍት ድርሽ እንዳይል፤ ጨርቁን አንዴ ከያዘው ሰውየውንም አይለቅም።

ማሽላ በላይ
የጥልቀቱንና የማቆጥቆጡን ጥያቄ ማንም አልነካውም። ባሕር ዛፍ የሚያቆጠቁጠው ከጉቶውና ግንዱ አፈር ከሚነካበት ካበጠው ክፍል ነው፤ ርቆ ከሄደው የጎን ሥር ብዙም አይወጣም። ስለዚህ ያ እብጠት ሙሉ በሙሉ መጥፋት አለበት። 10 ሴንቲ ሜትር ብቻ ፈጭቶ አፈር ማልበስ ለዓይን ያምራል፣ በሚቀጥለው ክረምት ግን ቡቃያው ብቅ ይላል። 30 ሴንቲ ሜትር ውረድ። ይህ ለእርሻውም ነው፤ የበሬ ማረሻ ከ20 እምብዛም አያልፍም፣ የትራክተር ዲስክ ግን ጠለቅ ስለሚል የቀረ ሥር ያገኛል። በበሬ ቢታረስም ወፍራም የጎን ሥር ድግር ይሰብራልና ከጉቶው ዙሪያ ግማሽ ሜትር ድረስ ተከተለው።

ሰጋቱራውን ጉድጓዱ ውስጥ አትቅበር። አፈር ውስጥ ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ይወስድና ማሽላው በክብ በክብ ቢጫ ሆኖ ይታይሃል። አውጣው፣ ጉድጓዱን በላይኛው አፈር ሙላ፣ ስለሚሰምጥ ትንሽ ጉብ አድርገው። ለመጀመሪያው ዓመት ማሾ ዝራ፤ ናይትሮጅን ከአየር ስለሚያገኝ ከማሽላ ይልቅ ይቋቋመዋል።

ጊዜው ጥቅምትና ኅዳር ነው። መረሬው በክረምት ትራክተር ይውጣል፣ በበጋው መጨረሻ ደግሞ እንደ ጡብ ይደርቃል። በጥቅምት መሬቱ ጎማ ይችላል፣ ውስጡም ገና ርጥብ ነው።

ጦሳ ሥር
ደሴ በኩል ዳገት ላይ ላለ ጉቶስ? ያው ነው?

ማሽላ በላይ
አብሽር፣ እዚያ ባይፈጭ ነው የሚሻለው። ትራክተር ወደ ጎን ባዘነበለ ዳገት ላይ ከባድ ነገር ከኋላው አንጠልጥሎ ሲወዛወዝ የመገልበጥ አደጋ አለው። አፈሩንም የያዘው ሥሩ ነው፤ 30 ሴንቲ ሜትር ቆፍረህ ከለቀቅኸው የሐምሌ ጎርፍ ይወስደዋል። ቅርፊቱን ዙሪያውን እስከ አፈር ሥር ልጠህ፣ ቡቃያ ሲወጣ በየወሩ እየሰበርክ ግደለው። ሥሩ እዚያው ይበስብስ። አስቀድሞ እርከን ከሌለው ጉቶውን ጨርሶ አትንካው።

የቦርከና ዳር
እግዜር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ቀረኝ፣ ለ60 ወፍራም ጉቶ ስንት መለዋወጫ ጥርስ ይያዝ?

ክሮቼራ
አንድ ሙሉ ዙር፤ መንኮራኩሩ ላይ ያሉት ስንት እንደሆኑ ቆጥረህ ያንኑ ያህል። የግራ፣ የቀኝና የቀጥታ ጥርስ ሊኖረው ስለሚችል ከየዓይነቱ ያዝ። አንዱ ሲሰበር ፊት ለፊቱ ያለውንም አብረህ ቀይር፤ ሚዛኑ ከተዛባ ማሽኑ ይንቀጠቀጥና ኩሽኔታውን ይበላዋል። ብሎኖቹን ከመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ጉቶዎች በኋላ ሞተር አጥፍተህ፣ ቁልፉን ነቅለህ እንደገና አጥብቅ። የሚላሉት ያኔ ነው።