ምክንያቱ የማይታወቅ ጭንቀትን ከዕለት ኑሮ ጋር እንዴት ትቋቋሙታላችሁ?

ጥያቄ፤ ከድሬዳዋ ሳቢያን

ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአንድ የንግድ ድርጅት ውስጥ በሒሳብ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ከክረምቱ ወዲህ ይህ ነው የምለው ምክንያት ሳይኖር ሆዴ ባር ባር ይለኛል፤ የቆለፍኩትን በር ከአልጋዬ እየተነሣሁ ደጋግሜ እፈትሻለሁ፣ ቀን የዘጋሁትን ሒሳብ በሐሳቤ ስደምር ሌሊቱ ይጋመሳል። በባጃጅ ወደ ከዚራ ስሄድም ልቤ በድንገት እየመታ ትንፋሽ ስለሚያጥረኝ ለቅሶ ቤትና ሰርግ መሄድ እየተውኩ ነው። ከሰዓት በኋላ በርጫ ላይ ጫት እየቃምኩ ስቀመጥ ቀለል ይለኛል፤ ሌሊት ግን ይብስብኛል። ሐኪም ዘንድ እንዳልሄድ ደግሞ «አብዷል» መባልን እፈራለሁ። በዚህ ያለፋችሁ ምን አደረጋችሁ?

ምላሽ፤ ነርስ፣ ከሐረር

ወንድሜ፣ የገለጽከው በሥራዬ ዘወትር የማየው ችግር ነው፤ እብደት አይደለም። አስቀድመህ ግን ተመርመር፤ የእንቅርት ዕጢ ከልክ በላይ መሥራት፣ የደም ማነስና የልብ ምት መዛባት ልክ እንደ ጭንቀት ልብን ያስመታሉ። በባጃጅ ውስጥ የሚይዝህ ድንገተኛ ፍርሃት አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ ውስጥ በርትቶ ከዚያ በራሱ ይበርዳል። በመካከሉ ከወረድክ እፎይ ትላለህ፤ ነገር ግን አእምሮህ የዳንከው በመውረድህ እንደሆነ ስለሚይዝ በማግሥቱ ፍርሃቱ ቀድሞህ ይሳፈራል። በሩን መፈተሹም እንዲሁ ነው፤ ለጊዜው ያሳርፍሃል፣ ጥርጣሬውን ግን ይቀልበዋል። ስለዚህ ሳትወርድ 4 ሰከንድ ያህል አየር አስገብተህ በ6 ሰከንድ ቀስ እያልክ አስወጣ። በሩንም አንዴ ቆልፈህ፣ እጀታውን አንዴ ስበህ ተኛ፤ ተነሣ ተነሣ የሚልህ ስሜት ካልታዘዝከው ቀስ በቀስ ይደክማል። ለቅሶ ቤትም ከቅርብ ጎረቤት ጀምረህ፣ መጀመሪያ ለጥቂት ጊዜ በር አጠገብ ተቀምጠህ፣ በሌላው ጊዜ ቆይታህን አርዝመው።

ምላሽ፤ ከመጋላ

በርጫውን ጠቀስ አድርገህ አለፍከው እንጂ እኔ ብዙው ነገር እዚያ ያለ ይመስለኛል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ ከአወዳይ የሚመጣው ቅጠል ትኩስ ትኩሱ የሚፈለገውም ቅጠሉ ሲጠወልግ ይህ ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ ነው። ምርቃናው ሲወርድ ድብርትና እንቅልፍ ማጣት ይከተላል፤ በላዩ ቡና ሲጨመርበት ሌሊቱ አንተ እንዳልከው ይሆናል። በከተማችን ጓደኝነቱም ዕርቁም የሥራ ወሬውም በርጫ ላይ ስለሚገኝ «ተወው» ማለት ለመካሪው ብቻ እንደሚቀል አውቃለሁ። እኔን የጠቀመኝ ከጓደኞቼ ሳልለይ ሰዓቱን ማስቀደምና መጠኑን በየሳምንቱ መቀነስ ነው፤ ሀራራው፣ ድካሙና ቅዠቱ መጀመሪያ ላይ ይከብዳሉ፣ ግን ያልፋሉ። አመሻሽ ላይ ሙቀቱ በረድ ሲል በከዚራ ዛፎች ሥር ረዘም አድርጎ መራመድም ለእንቅልፌ በእጅጉ ረድቶኛል።

ምላሽ፤ እናት፣ ከድሬዳዋ

ልጄ፣ «አብዷል» መባልን መፍራትህ ልቤን ነካው፤ በዚሁ ፍርሃት ስንቱ በሩን ዘግቶ ይሠቃያል። ጸሎቱንም ጠበሉንም ዱዓውንም አትተው፤ ሕክምናው ከእነርሱ ጋር አይጣላም። እዚሁ ድል ጮራ ሆስፒታል፣ ሐረርም ሕይወት ፋና ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ይሰጣል። መድኃኒት ከታዘዘልህ ውጤቱ እስኪታይ ሳምንታት ሊፈጅ ስለሚችል ቶሎ ተስፋ ቆርጠህ አትጣለው። ከሰው እጅ ግን የእንቅልፍ ኪኒን አትቀበል፤ እንደ ዳያዜፓም ያሉት ሱስ ያስይዛሉ። ሕይወትህን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣብህ ደግሞ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ያኑ ዕለት ሂድ።

ጠያቂው

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። እህቴ ነርሷ፣ ለምርመራ ስሄድ ጫት መቃሜን መናገር ይኖርብኛል?

ምላሽ፤ ነርስ፣ ከሐረር

አዎን፣ ሳትደብቅ ንገራቸው፤ ጫት የልብ ምትንና የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ ሐኪሙ ካላወቀ ውጤቱን ሊያሳስተው ይችላል። ከተቻለህም በዋዜማውና በዕለቱ ሳትቅም ሂድ።