የመጽሐፍ ቅዱሱና የቆጠራው ልደት አልገጠመም፤ የቱን ልመን?

ምንጭ ፈላጊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በአዮዋ ሬጅመንት የዘመተ፣ በ1912 የሞተ ገበሬ ታሪክ እያጣራሁ ነው (ዘመኑ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር)። ልደትና ሞት የሚመዘገብበት የቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስ ልደቱን «ማርች 1838፣ ኦሃዮ» ይላል። የ1860ው የሕዝብ ቆጠራ ግን ዕድሜው 19፣ ትውልዱ ኢንዲያና ነው ይላል። በ1850ው ጭራሽ አጣሁት፤ የ1890ውንም አላገኘሁም። ጀርባው ላይ ቴምብር ያለበት ትንሽ ፎቶም አለ። የቱን ይዤ ልቀጥል?

ብራና፦
ከልደቱ በፊት የመጽሐፉን ዕድሜ ያረጋግጡ። የፊተኛው ቅጠል ተቀዶ ከሆነ አዲስ ኪዳኑ መግቢያ ላይ ብዙ ጊዜ የኅትመት ዓመት ያለው ሌላ የርዕስ ገጽ አለ። ከኅትመቱ በፊት ያሉት ልደቶች ከትዝታ ወይም ከሌላ ወረቀት የተገለበጡ ናቸው። የ20 ዓመት ልደትና ሞት በአንድ እጅ፣ በአንድ ቀለም ከተጻፈም አንድ ሰው በአንድ ቀን የሞላው ነው ማለት ነው።

ፎቶው ቀላል ነው። ቴምብሩ የጦርነት ጊዜ ቀረጥ ነው፤ ፎቶ ላይ ይለጠፍ የነበረው ከሴፕቴምበር 1, 1864 እስከ ኦገስት 1, 1866 ብቻ ነው። ፎቶ አንሺው ቴምብሩ ላይ የስሙን መነሻ ፊደላትና ቀኑን መጻፍ ነበረበትና በማጉያ መነጽር ይዩት።

ቆጠራ ወዳድ፦
በ1890ው አይድከሙ። በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ ቃጠሎ ተበላሽቶ የተረፈው ቁርጥራጭ ነው። በ1890 የተሠራው የዘማቾች ዝርዝርም የአዮዋው ክፍል የለም። ክፍተቱን የሚሞሉት አዮዋ ራሷ ያካሄደቻቸው የ1885 እና የ1895 ቆጠራዎች ናቸው።

1850ው ላይ የቤተሰብ ስሙን ትተው በመጠሪያ ስም፣ በዕድሜና በካውንቲ (በወረዳ) ይፈልጉ። በዚያ ዘመን «ኤስ» ሲደጋገም የመጀመሪያው ረዝሞ ስለሚጻፍ ማውጫ አዘጋጆች «ኤፍ» ወይም «ፒ» አድርገው ያነቡታል፤ «ሮስ» (Ross) የነበረው «ሮፍስ» (Rofs) ሆኖ ይገኛል። ሲያገኙትም የቤቱ ልጅ ነው ብለው አይቸኩሉ። የዝምድና ዓምድ የመጣው በ1880 ስለሆነ ልጁ የወንድም ልጅ ወይም ተቀጣሪ ሊሆን ይችላል።

የዘማች ፋይል፦
እኔ 1838ን እጠረጥራለሁ። የ1907ቱ ሕግ የዘማቾችን ጡረታ በዕድሜ ደለደለው፦ 62 ለሞላው በወር 12 ዶላር፣ 70 ለሞላው 15፣ 75 ለሞላው 20። በ1838 የተወለደ በ1908 ሰባ ይሞላዋል፤ በ1841 የተወለደ ሦስት ዓመት ይጠብቃል።

ስለዚህ ሙሉውን የጡረታ ፋይል ከአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ይዘዙ፤ የማውጫ ካርዱ አይበቃም። ሚስቱ እሱ ከሞተ በኋላ የመበለት ጡረታ ተቀብላ ከሆነ የእሱ ወረቀቶች በእሷ ቁጥር ሥር ተጠቃለዋል፤ በእሱ ቁጥር ብቻ ከጠየቁ «የለም» ሊሉዎት ይችላሉ። ውስጡ የ1898ቱን መጠይቅ ፈልጉ፤ መቼና የት እንዳገባ፣ ማን እንዳጋባቸው፣ በሕይወት ያሉ ልጆቹን ስምና ልደት የሞላበት ነው።

ምንጭ ፈላጊ፦
የአዲስ ኪዳኑ ገጽ 1882 ይላል። ጽሑፉ ሁሉ የአንድ ሰው እጅ ነው፤ «38» ላይ ብቻ ቀለሙ ደመቅ ይላል።

ብራና፦
እንግዲያው ገጹን መብራት ከጎን አድርገው፣ ቀጥሎም ከጀርባ አድርገው ፎቶ ያንሱት። ያኔ ቀለም የሚጠፋው በስለት እየተፋቀ ስለነበር የተፋቀበት ቦታ ይሳሳል፣ የወረቀቱ ክርም ይነሣል። ሲመዘገብ የሰጠውን ዕድሜም ከሬጅመንቱ መዝገብ ያውጡ፤ ያ የተጻፈው የ1907ቱ ሕግ ከመታሰቡ ከ40 ዓመት በላይ ቀድሞ ነው።