ዊንዶውስና ኡቡንቱ በየራሳቸው ዲስክ፦ እንዳይነካኩ እንዴት ልጫን?

ጀማሪ ነኝ፦
ጤና ይስጥልኝ። ዴስክቶፔ ላይ ዊንዶውስ 11 አለ፤ ያለው 512 ጊጋ ኤንቪኤምኢ (ማዘርቦርዱ ላይ በቀጥታ የሚሰካ ፈጣን ዲስክ) ላይ ነው። አሁን ሌላ ዲስክ፣ 240 ጊጋ ሳታ ኤስኤስዲ፣ ጨመርኩ። ኡቡንቱን (የሊኑክስ ሲስተም ነው) እሱ ላይ ብቻ መጫን እፈልጋለሁ። የቢሮ ሥራዬ ሁሉ ዊንዶውሱ ላይ ስላለ እንዳይበላሽብኝ ፈራሁ። ስጭን አዲሱን ዲስክ መምረጥ ብቻ ይበቃል?

ቢጫ ማውዝ፦
አይበቃም ወንድሜ። ኡቡንቱ ራሱ በመረጥክለት ዲስክ ላይ ይቀመጣል። ማስነሻውን ግሩብን ግን መጫኛው ብዙ ጊዜ የሚከተው ቀድሞ ያገኘው የኢኤፍአይ ክፍል (የማስነሻ ፋይሎች የሚቀመጡበት ትንሽ የዲስክ ክፍል) ውስጥ ነው። ያ ደግሞ የዊንዶውሱ ዲስክ ላይ ያለው ነው። መሥራቱን ይሠራል። ግን አንድ ቀን ያን ዲስክ ብትቀይረው ወይም ብታጸዳው ኡቡንቱም አብሮ እምቢ ይላል።

ኮምፒውተሩን አጥፋ፣ ከሶኬት ንቀል፣ ኤንቪኤምኢውን ፈትተህ አውጣ። አንዲት ብሎን ናት። ኡቡንቱን ኤስኤስዲው ላይ ጫንና ሌላውን መልሰው። ያኔ ሁለቱም የየራሳቸው ማስነሻ ይኖራቸዋል።

ሰፈርተኛ፦
ከመፍታትህ በፊት ቢትሎከር (ዲስኩን በምስጢር የሚቆልፈው የዊንዶውስ መሣሪያ) በርቶ እንደሆነ እይ። ከበራ 48 አሃዝ ያለውን የማገገሚያ ቁልፍ ወረቀት ላይ ገልብጥ። ባዮስ (ሲስተሙ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተውን የማዘርቦርድ ቅንብር) ስትነካካ ዊንዶውስ ቁልፉን ሊጠይቅህ ይችላል። ቁልፉ ከሌለህ ፋይሎችህን ደህና ሰንብቱ በላቸው! ዊንዶውስ ቶሎ እንዲነሳ የሚያደርገውን ፋስት ስታርታፕንም አጥፋ፤ አለዚያ ዊንዶውስ በደንብ ሳይዘጋ ይቀርና ከኡቡንቱ ሆነህ ፋይሎቹን ማንበብ እንጂ መጻፍ አትችልም።

ጥቁር ስክሪን፦
ሁሉም ሰው መፍታት የለበትም። ላፕቶፕ ከሆነ በተለይ። አንዳንድ ባዮስ ዲስኩን ለጊዜው ማጥፊያ አለው፤ መጀመሪያ እሱን ፈልግ።

ጀማሪ ነኝ፦
ከዚያ በኋላስ የትኛው እንዲነሳ በምን እመርጣለሁ?

ቢጫ ማውዝ፦
ሲነሳ የቡት ሜኑ ቁልፉን ደጋግመህ ተጫን። ዴል ላይ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9፣ የአሱስ ማዘርቦርድ ላይ ኤፍ 8 ነው። ዘወትር የምትጠቀመውን ባዮስ ውስጥ አንደኛ አድርገው። ግሩብ ላይ ዊንዶውስን ብታጣው አትደንግጥ። ከግሩብ ስሪት 2.06 ጀምሮ ሌላ ሲስተም መፈለጉ ተዘግቶ ነው የሚመጣው።

ጀማሪ ነኝ፦
ፈትቼ ጫንኩት፣ ሁለቱም ይነሳሉ። ተባረኩ! ግን ከኡቡንቱ ወደ ዊንዶውስ ስመለስ ሰዓቱ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። ባትሪው ሞቶ ይሆን?

ሰፈርተኛ፦
ባትሪው ደህና ነው። ኡቡንቱ ማዘርቦርዱ ላይ የሚጽፈው የዩቲሲን (የዓለም አቀፉን መለኪያ) ሰዓት ነው፤ ዊንዶውስ ደግሞ የአገር ሰዓት መስሎት ያነበዋል። እኛ ከዩቲሲ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። 6 ቢሆን ኖሮ ዊንዶውስ አማርኛ ለመደ እንል ነበር። ኡቡንቱ ተርሚናል ላይ ታይምዴትሲቲኤል የሚባል ትዕዛዝ አለ፤ በእሱ የማዘርቦርዱ ሰዓት የአገር ሰዓት እንዲሆን አድርገው። ኡቡንቱ ማስጠንቀቂያ ያሳይሃል፤ አዲስ አበባ ሰዓት ስለማንቀይር ብዙ አያስጨንቅህ።