ኒው ግላረስ ቤት ልንከራይ ነው፣ አከራዩ ያመጣው ነገር ግራ አጋባኝ

አዲስ ገቢ፦ ሰላም ቤተሰብ። ከማዲሰን ወደ ኒው ግላረስ ልንዛወር ነው፣ ባለቤቴ ሥራ ያገኘው እዚያ አካባቢ ነው። አከራዩ ውሉ ላይ «በሌበር ደይ ሰሞን ጋራዡንና ግቢውን የበዓል እንግዶቼ ይጠቀማሉ» ብሎ አስገብቷል፤ የሴፕቴምበር መጀመሪያውን የሠራተኞች በዓል ማለቱ ነው። ልፈርም? ደግሞ እዚያ ሀበሻ አለ?

የማዲሰኗ፦ ኒው ግላረስ እዚሁ ዊስኮንሲን የስዊስ ስደተኞች የመሠረቷት መንደር ናት፤ እንግዶቹ የሚመጡት በስዊሶች የአፈ ታሪክ ጀግና በዊልሄልም ቴል ለተሰየመው በዓል ነው። ከ1938 ጀምሮ በሌበር ደይ ሰሞን ጫካ መሀል ባለ ሜዳ ላይ የቴልን ድራማ ይጫወታሉ። ተዋንያኑ የአካባቢው ሰዎች ናቸው፣ ፍየልም ፈረስም መድረክ ላይ ይወጣል። ሕዝቡ ከ2,000 ብዙም አይበልጥም፣ ስለዚህ እንግዳ ሲመጣ ማደሪያም ማቆሚያም ይጠፋል።

ጋሼ ዊስኮንሲን፦ ልጄ፣ በዓሉን ተዪውና ውሉን እንይ። በዚህ ስቴት አከራይ ቤትሽ ለመግባት ቢያንስ 12 ሰዓት ያህል ቀደም ብሎ ማሳወቅ አለበት። ማስያዣሽንም ከወጣሽ በ21 ቀን ውስጥ ይመልሳል፣ ከቆረጠም ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጥሻል። ጋራዡ ኪራዩ ውስጥ ከተቆጠረ ከመቼ እስከ መቼ እንደሚወስደው በቀን አስጽፊ። «ሰሞን» የሚባል ቀን የለም።

የሚኒያፖሊሱ፦ እኔ የምለው፣ ሀበሻ የሌለበት ምን ልትሠሪ ነው? ወደ ሚኒሶታ ነይ፣ ቤተ ክርስቲያኑም እንጀራውም አለ። ልጆችሽ አማርኛውን እርግፍ አድርገው ነው የሚተዉት።

የማዲሰኗ፦ እንደውም ከነዚያ ስዊሶች ብንማር ነው የሚሻለው። በ1845 ግላረስ ከሚባለው የስዊስ ግዛት ድህነት ሲያባርራቸው ማኅበር አቋቋሙ፣ ሁለት ሰው አስቀድመው ልከው 1,200 ኤከር አስገዙ። 193 ሆነው ተነሱ፣ መጀመሪያ የደረሱት 108 ናቸው። ይኸው እስከ ዛሬ ኦገስት መጀመሪያ ላይ የስዊስን ብሔራዊ በዓል በመዝሙርና በመለከት ያከብራሉ።

ታክሲው፦ መሬት ቀድሞ የተገዛለት ስደተኛ! እኛ ስንመጣ ማን ምን ገዛልን? እኔ እንኳን ለራሴ ልገዛ፣ ሌበር ደይ አልፎ ብዙም ሳይቆይ እንቁጣጣሽ ነው፣ ከአሁኑ የበግ እየተባለ ይደወልልኛል። አንዱ ወንድሜማ ስልኩን ሲያነሳ ሰላም ማለቱንም ትቷል።

አዲስ ገቢ፦ ጋሼ፣ ጋራዡ ኪራዩ ውስጥ ነው። ለዚያ ወር ቀንስልኝ ብለው ይቀየመኛል?

የሚኒያፖሊሱ፦ የማዲሰኗ፣ አታጋንኚ እንጂ። ያ ሁሉ የስዊስ መልክ እኮ ለቱሪስት ነው። የወተት ፋብሪካው በ1962 ሲዘጋ መንደሩ ሌላ እንጀራ ፈለገ፣ የሱቆቹን ፊት በእንጨት በረንዳ አስጌጠ፣ አለቀ። ሀይዲ የሚባለውንም በዓል የጨመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

የማዲሰኗ፦ የቴሉ ድራማ ከፋብሪካው መዘጋት 24 ዓመት ይቀድማል፣ ቁጥር አትዝለል። ገንዘብ ቢያገኙበትስ? በዓሉን የያዘው እኮ ሰዉ ራሱ ነው፣ አያት የተጫወተውን የልጅ ልጅ ይጫወተዋል።

ታክሲው፦ እኛስ ደመራ ፓርኪንግ ላይ አይደል የምናበራው? ያውም ከእሳት አደጋ ፈቃድ ለምነን።

የሚኒያፖሊሱ፦ እኛ ትኬት አንሸጥም!

የማዲሰኗ፦ ባለፈው መስቀል በር ላይ ሃያ ዶላር የተቀበለኝ ማን ነበር ታዲያ?

የሚኒያፖሊሱ፦ ያ ለአዳራሽ ኪራይ ነው። ለየብቻው ነው የሚታየው።