ገናን ብቻችሁን የምታሳልፉ፣ እንዴት ነው የምትችሉት?

ሰው ቤት ያለሁ፦
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ያለሁት ሪያድ ነው፣ ሰው ቤት እሠራለሁ። ይሄ ሦስተኛ ገናዬ ነው።

ጥያቄዬ ትንሽ ያሳፍራል። በአዘቦት ቀን እግዚአብሔር አይርቀኝም። ዕቃ እያጠብኩ አቡነ ዘበሰማያት እላለሁ። ልብስ ስተኩስ ውዳሴ ማርያምን በቃሌ የያዝኩትን ያህል እደግማለሁ። ደህና ነኝ። በዓል ሲመጣ ግን ሁሉም ይጠፋብኛል። እዚህ ቤተ ክርስቲያን የለም። ታኅሣሥ 29 እንደ ማንኛውም ቀን ምንጣፍ ይጠረጋል። 43 ቀን የጾምኩትን ከማን ጋር ልፍታው?

ዓምና በበዓሉ ምሳ ሰዓት ቪዲዮ ደወልኩ። እናቴ ስልኩን ወደ ድስቱ አዞረችው። «እይው እስቲ፣ ቀላ አይደል?» አለችኝ። ቀልቷል፣ ቅቤው ላዩ ላይ ተንጣሏል። ከዘጋሁ በኋላ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ማዳም እንዳትሰማኝ ውሃ ከፍቼ አለቀስኩ።

«አይዞሽ፣ እግዚአብሔር አለ» እንዳትሉኝ። መኖሩንማ አውቃለሁ። በዚያች ቀን እናንተ ምን ታደርጋላችሁ? የእግዚአብሔር ፍቅር ቤት ነው ይባላል። በሩ በየት በኩል ነው?

ከቤሩት የተመለሰች፦
እህቴ፣ ቤሩት 6 ዓመት ሠርቼ ነው የገባሁት። መጀመሪያ፣ በበዓሉ ቀን ምሳ ሰዓት አትደውዪ። ዋዜማውን ደውዪ፣ ሽንኩርት ሲከተፍ፣ ዶሮው ሳይገነጠል። ያኔ እነሱም ሥራ ላይ ናቸው፣ አንቺም ሥራ ላይ ነሽ። ምሳ ሰዓት ግን እነሱ ይበላሉ፣ አንቺ ታያለሽ።

ደግሞ ቅዳሴውን ተኝተሽ አትስሚ። እኔ ሁለት ዓመት ብርድ ልብስ ውስጥ በኢርፎን ስሰማ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። በሦስተኛው ነጠላዬን ለብሼ ቆምኩ። ያው ክፍል፣ ያው ስልክ። እግሬ ሲዝል ግን ሰፈሬ ደብር የቆምኩ መሰለኝ። አንቺ ደግሞ ዕድለኛ ነሽ፣ ሪያድና አዲስ አበባ ሰዓታቸው አንድ ነው። እናትሽ በቆመችበት ደቂቃ ትቆሚያለሽ። ቤሩት በብርዱ ወራት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነበርን።

የፓርኪንጉ ልጅ፦
እኔ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ነኝ። ቤተ ክርስቲያኑም እንጀራውም ሞልቷል። የእኛ ገና የሚመጣው ግን ፈረንጆቹ የገና ዛፋቸውን አውጥተው መንገድ ዳር ሲጥሉ ነው። ጃንዋሪ 7 ሥራ አለ። ሌሊቱን አስቀድሼ ጠዋት ፓርኪንግ እገባለሁ፣ ነጠላዬ የመኪናው ኋላ ወንበር ላይ ይውላል። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያን ቢኖር ኖሮ ብለሽ አትብሰልሰዪ። እኔም በሩን አላገኘሁትም።

ዓምና ግን አብሮኝ የሚሠራ ኤልሳልቫዶራዊ «ምነው ዛሬ ዝም አልክ?» አለኝ። በዓላችን መሆኑን፣ ጾም እንደ ፈታን ነገርኩት። ከቦርሳው ሙዝ አውጥቶ ለሁለት ከፈለና ግማሹን ሰጠኝ። ሙዝ በጾምም እንደሚበላ ልነግረው አፌ አልታዘዘኝም። በላሁት። ከዚያን ቀን ምግብ ሁሉ እሱ ነው ትዝ የሚለኝ።

ዘቁስቋም፦
ስብከት እንዳይሆንብሽ ባጭሩ። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ማኅሌተ ጽጌ እየቆምን እመቤታችን ልጇን አዝላ ግብፅ መውረዷን እናስባለን። ኅዳር 6 ቁስቋም ነው። ኅዳር 15 ጾመ ነቢያት ይገባል፣ ከዚያ ነው ልደቱ። በእኛ አቆጣጠር ስደቱ ከልደቱ ይቀድማል ማለት ነው! ምሥጢሩን ሊቃውንቱ ይናገሩት። እኔን ግን ደስ ይለኛል፣ ገና ሲደርስ ስደተኛዋን አስቀድመን አስበናታል።

ደግሞ ቤተልሔም ለዮሴፍ የሰው አገር አልነበረችም። የአባቶቹ ከተማ ናት። በገዛ አገሩ ነው ማደሪያ የጠፋው።

የኮልፌዋ እማማ፦
ልጄ፣ ይሄን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት። ጅዳ ያለች ልጅ አለችኝ። 12ቱን ብልት ሳወጣ የሷን መላላጫ ለብቻው አስቀምጣለሁ። ማታ ለጎረቤት ልጅ እሰጠዋለሁ፣ «የእህትህ ነው፣ ብላላት» ብዬ። እናትሽም ታስቀምጥልሻለች፣ ጠይቂያት። ድስቱን ያሳየችሽ ልታስጎመጅሽ አይደለም። ምን እንደምታሳይሽ ጠፍቷት ነው።

ሰው ቤት ያለሁ፦
እማማ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ጠየቅኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ማን ነገረሽ?» አለችኝ።

በዓሉ አለፈ። ዋዜማውን ደወልኩ። እሷ ሽንኩርት ትከትፋለች፣ እኔም ለማዳም እራት እየላጥኩ ነበር። ሁለታችንም አለቀስን፣ በሽንኩርቱ አሳበብን። ሌሊት ሻንጣዬ ሥር ያለውን ነጠላ አውጥቼ ቆምኩ። ክፍሌ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑ አጠገብ ናት፣ ለስግደት አትበቃም። ስሰግድ ግንባሬ በሩን ይመታል። ቅዳሴው ሲያልቅ ለራሴ ያስቀመጥኩትን እንቁላል ቀቀልኩ። ቸኩዬ ስለነበር ስልጠው አስኳሉ ፈሰሰ። እናቴ ብታየኝ ከእጄ ትነጥቀኝ ነበር። በሚጥሚጣ በላሁት።

ባይተዋርነቱ ለቀቀኝ አልልም። ብቻ «ጌታዬ፣ እንኳን ተወለድክ» ያልኩት በሹክሹክታ ነው፣ አጠገብ ላለ ሰው እንደሚባለው። አልጋው ላይ ወደ ጥግ ተጠግቼ፣ ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ትቼ እንደተቀመጥኩ ያየሁት በኋላ ነው።

የፓርኪንጉ ወንድሜ፣ በሙዙ ሳቅኩ። ጥምቀት ደርሷል፣ ለእሱስ ምን መላ አላችሁ?